አርጂኒንና ሌሎች አሚኖ አሲዶች፦ ለሰውነታችን ምን ይሠራሉ? ማንስ ይጠንቀቅ?

በፔታህ ቲክቫ በአረጋውያን ሞአዶን የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባቶችና እናቶች እንዲደርስ እንደተነገረው ታትሟል።

ክቡራን እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ ጤናችሁ እንዴት ነው? "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላችሁ እንደምትመልሱልኝ አውቃለሁ። እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ነው፤ በየቀኑ ምን ምን ነው የምትውጡት?

ሥራዬ ቤት ለቤት መሄድ ነው። ዮሴፍታልም ዓሚሻቭም እገባለሁ። ቡና ይፈላል፣ ወሬ ይወራል፣ ከዚያ የመድኃኒቱ ከረጢት ይመጣል። ከረጢቱ ውስጥ የደም ግፊት ኪኒን አለ፣ የስኳር ኪኒን አለ፣ አስፕሪን አለ። እነዚህን ሐኪም ያዘዛቸው ናቸው። ከጎናቸው ግን ሚርሻም የሌለው ሌላ ዕቃ አያለሁ፤ ትልቅ ጣሳ ዱቄት፣ ወይም ጡንቻ የተሳለበት የእንክብል ብልቃጥ። "ይሄስ ምንድን ነው?" ስል መልሱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። "የልጅ ልጄ ከጂም ያመጣው ነው፣ ጉልበት ይሰጣል አለኝ።" ወይም "ጎረቤቴ ለደም ሥር ጥሩ ነው ብላኝ ነው።" ወይም "በስልክ ደውለው ሸጡልኝ።" "ሐኪምዎስ ያውቃሉ?" ስል ደግሞ "እሱ መች ጠየቀኝ?" ይሉኛል።

በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ስም ብዙ ጊዜ አሚኖ አሲድ የሚባል ነገር ነው። አርጂኒን፣ ላይሲን፣ ሊውሲን፣ ትሪፕቶፋን። ስማቸው የባዕድ ነው፤ ነገራቸው ግን ከሽሮና ከምስር ወጥ ጀምሮ ስታውቁት የኖራችሁት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ማንንም "ይሄን ተው፣ ይሄን ውሰድ" አልልም። የማደርገው ነገሩን በአማርኛ አስረድቶ፣ ሐኪሙን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ማሳየት ነው።

አሚኖ አሲድ ምንድን ነው?

ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ስንበላ ሰውነታችን ፕሮቲን ያገኛል። በዕብራይስጥ "ሄልቦን" የሚሉት ነው። ፕሮቲን በክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ ነው። እያንዳንዷ ዶቃ አሚኖ አሲድ ትባላለች። የዶቃው ዓይነት 20 ነው። ሆድና አንጀት ክሩን በጥሰው ዶቃዎቹን ይለያዩአቸዋል፤ ከዚያ ሰውነታችን እንደገና በራሱ መንገድ ይሰካቸውና ጡንቻ ያደርጋቸዋል፣ ደም ያደርጋቸዋል፣ ቆዳና ጸጉር ያደርጋቸዋል። ቁስል ሲሽር፣ ሰውነት በሽታን ሲዋጋ፣ የሚሠራው በእነዚህ ዶቃዎች ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህም ይሠራል፤ አንዷ ዶቃ ብቻዋን ብዙ አትጠቅምም፣ ሲሰባሰቡ ነው ጉልበት የሚሆኑት።

ከ20ዎቹ 9ኙን ሰውነታችን መሥራት አይችልም፤ ከምግብ መምጣት አለባቸው። ሌሎቹን ራሱ ይሠራል። አርጂኒን ጤነኛ ሰው ራሱ ሊሠራው ከሚችለው ወገን ነው፤ ከፍተኛ ቃጠሎ ወይም ከባድ ጉዳት ሲደርስ ግን የራሱ ላይበቃው ይችላል።

እዚህ ላይ የእናቶቻችንን ጥበብ ልንገራችሁ። እህል፣ ስንዴም ገብስም በቆሎም፣ ላይሲን የምትባለው ዶቃ ታንሰዋለች። ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶታል፤ የሚያንሰው ሜቲዮኒን የምትባለው ናት፣ እሷን እህሉ ይሰጣል። እንጀራን በሽሮ፣ እንጀራን በምስር ስንበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። ጤፍ በላይሲን ከስንዴ ይሻላል። እናቶቻችን ይህን ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ ገበታቸው ግን ልክ ነበር። እዚህ ከመጣን በኋላ ነው ብዙ ቤት ሽሮው ቀንሶ ነጭ ዳቦው የበዛው።

አርጂኒን በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

አርጂኒን በመጀመሪያ የተገኘው በ1886 ነው። ኤርንስት ሹልዘና ኤርንስት ሽታይገር የሚባሉ ሰዎች ስዊዘርላንድ ውስጥ ከአንድ ተክል ቡቃያ ለይተው አወጡት። ተክሉ የግብጦ ዘመድ ነው። አዎ፣ ያ ምሬቱ እስኪለቅ ስንት ቀን በውኃ የሚዘፈዘፈው ግብጦ! አርጂኒን በለውዝ፣ በሰሊጥ፣ በዱባ ፍሬ፣ በጥራጥሬ፣ በሥጋና በዓሣ ውስጥ በብዛት አለ።

ሥራው ብዙ ነው። ጉበታችን ከፕሮቲን የሚተርፈውን መርዛማ አሞንያ ወደ ሽንት የሚሸኘው አርጂኒን ባለበት መንገድ ነው። ይህ መንገድ በተፈጥሮ የተበላሸባቸው ጥቂት ሕፃናት አርጂኒንን እንደ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይወስዳሉ። ቁስል ሲድንም ያስፈልጋል።

ስሙን ያስጠራው ግን የደም ሥር ነው። የደም ሥራችን ውስጠኛው ሽፋን ከአርጂኒን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሠራል። ይህ ጋዝ የደም ሥሩን ግድግዳ ያላላዋል፣ ደሙም እንደልቡ ያልፋል። ይህን ያገኙት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች፣ ሮበርት ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ፣ በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ሽልማቱን ያቋቋመው አልፍሬድ ኖቤል ሀብቱን ያገኘው ከናይትሮግሊሰሪን ፈንጂ በመሥራት ነበር፤ በዕድሜው ማብቂያ ልቡን ሲያመው ሐኪሞቹ ያንኑ ናይትሮግሊሰሪን እንደ መድኃኒት አዘዙለት። እናንተም መካከል ደረቱን ሲጨንቀው ምላሱ ሥር የሚነፋ ወይም የሚያስቀምጥ ሰው ይኖራል። እሱም የሚሠራው በዚሁ ጋዝ ነው።

እንግዲህ ነጋዴው የሚለው እንዲህ ነው፦ "አርጂኒን ጋዙን ይሠራል፣ ጋዙ ደም ሥር ይከፍታል፣ ስለዚህ ብዙ አርጂኒን ብትውጡ ልባችሁ ይድናል።" ነገሩ ሲሰማ ልክ ይመስላል። ጋን ሞልቶ ሳለ ውኃ ብንጨምርበት ግን ይፈሳል እንጂ ጋኑ አያድግም። የምንውጠው አርጂኒን ብዙው አንጀትና ጉበት ላይ ይቀራል። በጥናት የታየው የደም ግፊትን በጥቂት ነጥብ መቀነሱ ነው፤ ያውም ሐኪም የሚያዝዘውን ኪኒን የሚተካ አይደለም።

አንድ ጥናት ለየብቻው መንገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ስለ እናንተ ዕድሜ ነው። በ2006 የታተመ ነው፤ የሠሩት አሜሪካ ባልቲሞር ያሉ ሐኪሞች ናቸው። የልብ ድካም ደርሶባቸው የተረፉ 153 ሰዎች ተመረጡ። ግማሾቹ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በያንዳንዱ ጊዜ 3 ግራም አርጂኒን እንዲወስዱ ተደረገ፤ ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ እንክብል ተሰጣቸው። እንዲወስዱት የታሰበው ለስድስት ወር ነበር። ምን ተገኘ? የደም ሥራቸው አልለሰለሰም፣ ልባቸውም አልበረታም። አርጂኒን ከወሰዱት ውስጥ 6 ሰዎች ሞቱ፤ ባዶውን ከወሰዱት ውስጥ አንድም አልሞተም። ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ፣ ሐኪሞቹም የልብ ድካም ላለፈበት ሰው አርጂኒን እንዳይሰጥ መከሩ። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ስድስቱን የገደላቸው አርጂኒኑ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ግን እኔ ብሆን፣ ልቤን አሞኝ የሚያውቅ ብሆን፣ ገንዘቤን ከፍዬ ይህን ዕድል አልሞክርም።

ማን ይጠንቀቅ?

አርጂኒን በብልቃጥ ለመግዛት ከማሰባችሁ በፊት ይህን ዝርዝር አንብቡ። ወይም ሰው ያንብብላችሁ።

የልብ ድካም ያለፈበት ሰው። ምክንያቱን አሁን ተናግሬአለሁ።

የደም ግፊት ኪኒን የሚወስድ። ኪኒኑም አርጂኒኑም ግፊቱን ሲያወርዱት ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ራስ ይዞራል፣ መውደቅ ይመጣል። በእናንተ ዕድሜ መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ የዳሌ አጥንት ከተሰበረ በኋላ ወደ ቀድሞ አቋሙ ያልተመለሰ ሰው ሁላችንም እናውቃለን።

ለልብ ናይትሮግሊሰሪን ወይም መሰሎቹን የሚወስድ፣ እንዲሁም ቪያግራና መሰሎቹን የሚወስድ። ይህን የምናገረው አባቶችን ለማሳፈር አይደለም። አርጂኒን "ለወንድነት" እየተባለ በብዛት ይሸጣል፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ሰው ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ያፍራል። አትፈሩ፣ አትፈሩበትም። ሐኪሙ በቀን ስንቱን እንዲህ ያለ ጥያቄ ይሰማል። ሳይነግሩት ደርቦ መዋጥ ነው አደጋው።

ኩላሊቱ የደከመ። ስኳርና ግፊት ለረጅም ዓመት የቆየበት ሰው ኩላሊቱ ሳያመው ሊደክም ይችላል። አርጂኒን ለእንዲህ ያለው ሰው በደም ውስጥ ፖታሲየምን ሊያበዛ ይችላል፤ የፖታሲየም መብዛት ደግሞ የልብን ምት ያውካል።

ከንፈሩ ላይ ምች የሚወጣበት። ያንን ውኃ የሚቋጥረውን ቁስል የሚያመጣው ቫይረስ ለመራባት አርጂኒን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሊባባስ ይችላል። በተቃራኒው ላይሲንን ለምች የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ ጥናቶቹ ግን አይስማሙም። አገር ቤት ዳማከሴ የምትቀቡበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬ ኩፓት ሆሊም ለዚሁ የሚሆን ቅባት አለ።

ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው። በቤይሊንሶንም ይሁን በሌላ ሆስፒታል፣ ከቀጠሮው በፊት "ምን ምን ትወስዳለህ?" ሲባል ብልቃጡም ይቆጠር።

ከዚህ ሌላ አርጂኒን ሲበዛ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል። ይህ የማይገድል ነው፤ ግን ተቅማጥ ለሽማግሌ ሰው ውኃ ያሳጣል፣ ውኃ ማጣት ደግሞ ግፊት ያወርዳል።

"ከተክል የተሠራ ነው፣ ምን ይጎዳል?"

ይህን በየቤቱ እሰማለሁ። መልሱን ከእኔ በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ጓያን አስታውሱ።

ጓያ ዝናብ ሲጠፋ፣ ሽምብራውም ባቄላውም ሲከስም የሚበቅል እህል ነው። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎ፣ በሸዋ ይዘራል። በደህና ጊዜ ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ ሽሮ ይሆናል፣ ቂጣ ይሆናል፣ ቆሎም ይሆናል። በረሀብ ጊዜ ግን ሰው ወራት ሙሉ እሱኑ ብቻ ሲበላ እግሩ ይታሰራል። መጀመሪያ ባት ይከብዳል፣ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ በዱላ፣ ከዚያ በሁለት ዱላ፣ መጨረሻ በእጅና በእግር መሄድ። ከመጣ በኋላ አይድንም። በ1970ዎቹ አጋማሽ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው ተጎዳ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በሰሜን ወሎ ደላንታ ዳውንት እንደገና መጣ፤ በጣም የተጎዱት ወጣት ወንዶች ነበሩ።

እግሩን ያሰረው ምንድን ነው? አሚኖ አሲድ ነው። ጓያ ውስጥ ያለች፣ ኦዳፕ በሚል አጭር ስም የምትጠራ አሚኖ አሲድ ናት። ከ20ዎቹ አይደለችም፣ ሰውነታችን አይፈልጋትም፤ ነርቭን ትጎዳለች። ሐኪሞች በወሎ ሲያጠኑ ሌላም ነገር አዩ። ጓያውን ከእህል ጋር ቀላቅለው የበሉ ሰዎች የመዳን ዕድላቸው የተሻለ ነበር፤ እህሉ ውስጥ ያሉት እንደ ሜቲዮኒን ያሉ አሚኖ አሲዶች የሚከላከሉ ይመስላል። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም መርዙን ይቀንሳል።

አርጂኒን እንደ ጓያ ነው እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱብኝ። የምለው ይህን ነው፦ ከተክል መሆኑ ዋስትና አይሆንም፤ መጠኑና ከምን ጋር እንደተወሰደ ነው የሚወስነው። አንዱን ነገር ብቻ ለይቶ ማብዛት ምን እንደሚያመጣ አገራችን በዓይኗ አይታለች።

ሌሎቹ ብልቃጦች

ትሪፕቶፋን ለእንቅልፍና ለመንፈስ ይሸጣል። የጭንቀት ወይም የድብርት መድኃኒት ከምትወስዱበት ጋር ሲደረብ አደገኛ ሊሆን ይችላል። በ1989 ሲሠራ የተበከለ ትሪፕቶፋን አሜሪካ ውስጥ ከ1,500 በላይ ሰው አሳመመ፣ ከ30 በላይ ሰውም ገደለ። ችግሩ ከፋብሪካ ነበር፤ የገዙት ሰዎች ግን በብልቃጡ ላይ የሚያዩት ያው የተለመደውን ጽሑፍ ነበር።

ክሬያቲን ከአሚኖ አሲድ የሚሠራ ነው፤ የልጅ ልጆቻችን ጂም የሚወስዱት። በደም ምርመራ ላይ የኩላሊት መለኪያ የሆነውን ቁጥር ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሐኪሙ ካላወቀ "ኩላሊቱ ደክሟል" ብሎ ሊደነግጥ ይችላል።

የፓርኪንሰን በሽታ ያለባቸው አባቶችና እናቶች ይህን በደንብ ይስሙኝ። ሌቮዶፓ የሚባለው መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዶፒካር፣ ራሱ አሚኖ አሲድ ነው። ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አእምሮ የሚገባው ሌሎቹ አሚኖ አሲዶች በሚገቡበት በር ነው። ብዙ ሥጋ ወይም የፕሮቲን ዱቄት ከመድኃኒቱ ጋር ከተወሰደ በሩ ላይ ግፊያ ይሆናል፤ መድኃኒቱ ውጭ ይቀራል። ሰውየው "ኪኒኑ ዛሬ አልሠራልኝም" ይላል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩ መሬት ላይ ይጣበቃል። ፕሮቲን ተው ማለት አይደለም፤ ሰዓቱን ማለያየት ነው። ስንት ሰዓት ከምግብ በፊት እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

ታዲያ ጉልበት ከየት ይምጣ?

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። "ደከመኝ፣ ደረጃው አልወጣ አለኝ፣ ከወንበር ስነሳ ጉልበቴ ከዳኝ" የሚል ሰው ዝም ብሎ አይደለም ብልቃጥ የሚገዛው። በዕድሜ ጡንቻ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። የሽማግሌ ጡንቻ ደግሞ እንደ ወጣት በትንሽ ምግብ አይነቃም፤ ስለዚህ ከወጣት ይልቅ ፕሮቲን ይፈልጋል። በ2013 የአረጋውያን ሕክምና ባለሙያዎች ያወጡት ምክር ጤነኛ ሽማግሌ ሰው በኪሎው ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን በቀን ይብላ የሚል ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው።

ይህን ከሱፐር ብልቃጥ ሳንገዛ እንቁጠረው። ሁለት እንቁላል 12 ግራም ያህል አለው። አንድ ትንሽ እርጎ 7 ገደማ። ግማሽ ኮቴጅ 14 ያህል። የበሰለ የዶሮ ሥጋ 100 ግራም፣ የእጅ መዳፍ የምታህል፣ 30 ያህል። አንድ ብርጭቆ የበሰለ ምስር 18 ያህል። ጠዋት እንቁላሉና እርጎው፣ ምሳ ዶሮው፣ ማታ ምስሩ በእንጀራ ቢሆን 67 ሞላ፤ እንጀራው ገና ሳይቆጠር። በዚህ ምግብ ውስጥ 9ኙም አሉ፣ አርጂኒኑም አለ፣ ጡንቻን "ተነስ" የሚለው ሊውሲንም አለ። ብልቃጥ ውስጥ ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ግን ልጨምር። አንደኛ፣ ሌሎቹን ጥሎ ማታ ብቻ ብዙ መብላት አይጠቅምም፤ ለሦስቱም ገበታ ይከፋፈል። ጠዋት በሻይና በዳቦ ብቻ የምትውሉ እናቶች ብዙ ናችሁ፤ እንቁላሏ ጠዋት ትምጣ። ሁለተኛ፣ ፕሮቲን ያለ እንቅስቃሴ ጡንቻ አይሆንም። ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሳት፣ እጅ ሳይደገፉ አሥር ጊዜ፤ ካልተቻለ ጠረጴዛ ይዞ አምስት ጊዜ። አገር ቤት ውኃ ስትቀዱ፣ እንጨት ስትለቅሙ፣ ስታርሱ ጡንቻው የሚሠራው ራሱ ነበር። እዚህ ሊፍቱና አውቶቡሱ ሥራውን ቀሙት።

ጥንቃቄ፦ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፕሮቲን አብዛ የሚለው ምክር አይመለከተውም። ለእሱ ልኩን የሚነግረው ሐኪሙና የኩፓት ሆሊሙ ዲየታኒት ናቸው። ሳትታመሙ በድንገት ኪሎ ከቀነሳችሁም ዱቄት አትግዙ፤ ምርመራ ነው የሚያስፈልገው።

ለምን አንናገርም?

አሁን ወደ ሥራዬ ልግባ። ብልቃጡን ከሐኪም የምንደብቀው ለምንድን ነው? አንዱ "ይቆጣኛል" ብሎ ነው። አንዱ ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ብቻ ስላለው፣ እሱንም ዓይኑ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ። አንዱ ቋንቋው ስለሚቸግረው። ትልቁ ምክንያት ግን ብልቃጡ መድኃኒት ስለማይመስለን ነው። በእርግጥም በሕግ መድኃኒት አይደለም፤ ቶሴፌት ቴዙና ነው፣ እንደ ምግብ ነው የሚቆጠረው። አንድ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት የሚጠየቀውን ያህል ማስረጃ አይጠየቅም። ሰውነታችን ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ከኪኒኑ ጋር አንድ ደም ውስጥ ነው የሚዞረው።

አባቶች "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይላሉ። ዛሬ መድኃኒቱን የደበቀም በሽታ ይገዛል።

ስለ ቋንቋ መብታችሁን እወቁ። የ1996 የሕሙማን መብት ሕግ ሐኪሙ ነገሩን ለሕመምተኛው በሚገባው መንገድ እንዲያስረዳ ያዛል። በ2011 ደግሞ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ኩፓት ሆሊሞችና ሆስፒታሎች በቋንቋና በባህል ተደራሽ እንዲሆኑ መመሪያ አወጣ። ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። የ12 ዓመት የልጅ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አታስተርጉሙ። ልጁ የማያውቀውን ቃል ይዘለዋል፤ እናንተም በልጅ ፊት የማትናገሩት ነገር ይኖራል።

ገንዘቡንም እናንሳ፣ ምክንያቱም ቢቱዋህ ሌኡሚ ከሚሰጠው የእርጅና አበል ነው የሚወጣው። ለዱቄቱ ሲባል የወሩ ማብቂያ ላይ ማቀዝቀዣው ባዶ የሆነበት ቤት ገብቻለሁ። በስልክ የሚሸጡ ሰዎች ድምፃቸው ለስላሳ ነው፣ አንዳንዱም በአማርኛ ነው የሚያወራው። "ልጠይቅና ልደውልልህ" በሉና ስልኩን ዝጉ። የአሽራይ ካርድ ቁጥራችሁን ለማንም በስልክ አትስጡ። ከሰጣችሁ በኋላ ከተጸጸታችሁ ቶሎ ወደ እኛ ኑ፤ ጊዜው ሳያልፍ ውል የሚሰረዝበት መንገድ አለ፣ አብረን እንጽፋለን።

ከዚህ ስንወጣ ምን እናድርግ?

አንድ፦ ዛሬ ማታ በቤት ያለውን ሁሉ፣ የሐኪሙን ኪኒን፣ ብልቃጡን፣ ዱቄቱን፣ የአገር ቤቱን ቅጠል ሳይቀር፣ አንድ ከረጢት ውስጥ ክተቱ።

ሁለት፦ ለሮፌ ሚሽፓሃው ወይም ለነርሷ ቀጠሮ ስትይዙ ከረጢቱን ይዛችሁ ሂዱ። በኩፓት ሆሊም ቤት መርካሃት ያለውን ፋርማሲስት መጠየቅም ይቻላል።

ሦስት፦ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። "ይህ ከኪኒኖቼ ጋር ይጣላል ወይ?" "ኩላሊቴና ልቤ ይችሉታል ወይ?" "ብተወው ምን ይቀርብኛል?"

አራት፦ ሐኪሙ ያዘዘውን ኪኒን በብልቃጥ አትተኩ፤ የግፊትና የስኳር ኪኒንን በራሳችሁ አታቁሙ። ደስ ካላሰኛችሁ፣ ከጎዳችሁ፣ ንገሩት፣ ሌላ ይቀይራል።

አምስት፦ ካሼር ለሚጠብቅ፣ ብዙ እንክብሎች ሽፋናቸው ከእንስሳት ከሚወጣ ጀላቲን ነው የሚሠራው። ከመግዛታችሁ በፊት ማኅተሙን ተመልከቱ፣ ካልገባችሁ ቄሶቻችንን ወይም ረቢውን ጠይቁ።

ብልቃጡን ወስዳችሁ ደረት ካስጨነቃችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ራስ አዙሮ ከጣላችሁ፣ ወይም ፊትና ምላስ ካበጠ፣ ነገ ይሻለኛል አትበሉ፤ 101 ደውሉ። አማርኛ ብቻ ብትናገሩም ደውሉ፣ አድራሻችሁን ብቻ በዕብራይስጥ መናገር ተለማመዱ። በወረቀት ጽፋችሁ ከስልኩ አጠገብ ለጥፉት።

ልጆችና የልጅ ልጆች ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁም አንድ ቃል አለኝ። ጣሳውን ለአያቶቻችሁ ያመጣችሁት ከፍቅር ነው። ፍቅራችሁን በሌላ መንገድ አሳዩ፤ ከረጢቱን አብራችሁ ክፈቱ፣ ጽሑፉን አንብቡላቸው፣ ማታ ማታ ሩብ ሰዓት አብራችሁ በእግር ሂዱ።

እናንተ ወላጆቻችን በእግራችሁ ሱዳን ድረስ ሄዳችኋል፤ ሌሎቻችሁ አዲስ አበባ ላይ ወራት ጠብቃችሁ በ1991 መጥታችኋል። ያ ጉልበት ከጣሳ የመጣ አልነበረም። አሁን ያለውን ጉልበት በእውቀት እንጠብቀው። የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮአችን በራችን ክፍት ነው፤ ከረጢታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ጥያቄዎቻችሁን በዕብራይስጥ ጽፈን ለሐኪሙ እንልካለን።